ለትልልቅ የዱር እንስሳት አደን ጥይት፣ ጠመንጃና ትጥቅ አመራረጥ

ከሱሉልታ፣ ከሰበታ ወይም ከገላን ተነሥቶ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ወይም ወደ ኦሞ ቆላ ለአደን የሚወጣ ሰው ዝግጅቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጠመንጃው ነው። የየት አገር ሥሪት እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ መነጽሩ ምን ያህል እንደሚያቀርብ ሲያጠያይቅ ይከርምና ስለ ጥይቱ የሚያስበው መንገድ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ የሚታደነው እንስሳና የሚኖርበት መሬት ይታወቃል፤ ቀጥሎ ያንን እንስሳ በአንድ ምት የሚጥል ጥይት ይመረጣል፤ ጠመንጃው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ እሱም አዳኙ ሳይፈራውና ሳይሳቀቅ ሊተኩሰው የሚችለው መሆን ይኖርበታል። በዚህ መንገድ ያልታሰበበት ምርጫ ጉዳቱ ለገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቆስሎ ጫካ የገባ እንስሳ ቀናት ሙሉ ተሠቃይቶ ሊሞት ይችላል፤ ጎሽ ከሆነ ደግሞ ዱካውን ተከትሎ የገባውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ከሁሉ በፊት ስለ ፈቃድ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የግል ጦር መሣሪያ መያዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ አደኑ ራሱ ደግሞ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እሱን ተከትለው በወጡ ደንቦች ሥር ይወድቃል። ስለዚህ የመሣሪያ ፈቃድ ያለው ሰው የአደን ፈቃድም አለው ማለት አይደለም፤ የአደን ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ እንስሳና ለተወሰነ የአደን ቀበሌ፣ ማለትም ለአደን ለተከለለ ቦታ ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ለስፖርት አደን ፈጽሞ አይፈቀዱም። ወጨጫ ተራራ ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ማለዳ የወጣ ሰው የምኒልክ ድኩላ ሊያይ ይችላል፤ ደኑ ግን የተጠበቀ እንጂ የአደን ቀበሌ አይደለም። ጠመንጃ ከመግዛት አስቀድሞ የሚፈቀደውን እንስሳና የመሣሪያ ዓይነት ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ከፖሊስ ማረጋገጥ ገንዘብም ያድናል፣ ከክስም ይጠብቃል።

እንስሳውና መሬቱ

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም አይገኝም፤ የሳይንስ ሰዎች ስም ሰጥተው የመዘገቡትም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት የአርሲና የባሌ ተራሮች፣ በኮሶ፣ በጥድና በአስታ ደን ውስጥ ሲሆን፣ የጎለመሰው ወንድ 300 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። አዳኙ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ከሸለቆ ማዶ፣ ከ150 እስከ 300 ሜትር በሚሆን ርቀት ነው፤ ሽቅብ ወይም ቁልቁል መተኮስም የተለመደ ነው። የምኒልክ ድኩላ በአንጻሩ በክብደት የዚያን ሩብ ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከቅጠል ሥር ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ ይሰወራልና ጠመንጃው ፈጥኖ ትከሻ ላይ የሚገጥም መሆን አለበት። በቆላ የሚገኘው ሳላ እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ገላጣ ሜዳ ላይ የሚውልና ሰውን ከሩቅ የሚያይ ነው። ጎሽ ከሁሉም ይለያል። ከ500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ ቆዳው ወፍራም፣ አጥንቱ ጠንካራ፣ ከቆሰለ ዞሮ የሚያጠቃ አውሬ ሲሆን፣ የሚተኮሰውም ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። አባቶቻችን ጎሽ ገዳይን ከአንበሳ ገዳይ ጋር አሰልፈው ያስፎከሩት በከንቱ አልነበረም።

ጥይቱ

ለደጋ አጋዘንና ለሳላ ከ.30-06 ስፕሪንግፊልድ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1906 ለአሜሪካ ጦር የተሠራ ሲሆን፣ 180 ግሬን ማለትም 11.7 ግራም የሚመዝነውን አረር (ከቀለሁ ተለይቶ የሚወረወረውን የጥይት ራስ) በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ አረሩ አፈሙዙን ሲለቅ ያለው ጉልበትም ወደ 3,900 ጁል ይጠጋል። .300 ዊንቸስተር ማግነም ያንኑ አረር በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ያደርሰዋል፤ ለሩቅ ተኩስ መልካም ቢሆንም ትከሻን የሚመታበት ኃይልና ድምፁ ብርቱ በመሆናቸው፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚተኩስ ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። የጠመንጃውን ምት የሚፈራ ተኳሽ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል፤ እንዲህ ያለውን ጉድለት የጥይት ጉልበት አይጠግነውም። .270 ዊንቸስተር ለድኩላ ከበቂ በላይ ነው፤ ጠንካራ የ150 ግሬን አረር ከተመረጠለት ለአጋዘንም ይሆናል።

ለጎሽ ግን ከ.375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በታች መውረድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው ይህ ጥይት 300 ግሬን ማለትም 19.4 ግራም የሚሆነውን አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ የሚልክ ሲሆን፣ ጉልበቱ ከ5,700 ጁል ያልፋል፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው መለኪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። .416 ሪግቢና .458 ዊንቸስተር ማግነም ከዚያ የሚበረቱ ሲሆኑ፣ የሚመቹት የቆሰለ ጎሽ ተከትሎ ጫካ መግባት የዘወትር ሥራው ለሆነ ሙያተኛ አዳኝ ነው። በየገጠሩ የሚበዛው የክላሽንኮቭ 7.62×39 ጥይት ጉልበቱ 2,000 ጁል ገደማ ብቻ በመሆኑ ከእነዚህ እንስሳት ለአጋዘንም፣ ለሳላም፣ ለጎሽም አይበቃም።

ከጥይቱ መጠን ይልቅ የሚዘነጋው የአረሩ አሠራር ነው። የወታደር ጥይት አረሩ ዙሪያውን በጠንካራ ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ በእንስሳው ገላ ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ከፍቶ ያልፋል፤ እንስሳው ሩቅ ይሮጣል፣ የሚወርደው ደም ጥቂት ስለሆነም ዱካው ይጠፋል። ለአደን የሚሠራው አረር ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚያብብ ነው፤ በሚገባ የተሠራው ከመነሻ ስፋቱ ወደ እጥፍ ገደማ ይሰፋና ክብደቱን ሳያባክን ሳንባና ልብን አቋርጦ ይሄዳል። ከእነዚህም መካከል ልባሱ ከውስጡ እርሳስ ጋር የተበየደውን ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን መምረጥ ይገባል፤ ርካሹ አረር የትከሻ አጥንት ሲያገኝ ይበታተናልና። ለጎሽ ብዙ ልምድ ያላቸው አዳኞች የመጀመሪያውን ጥይት ጠንካራ ሆኖ የሚያብብ፣ ከሱ ቀጥሎ ያሉትን ደግሞ ፈጽሞ የማያብብ ድፍን አረር ያደርጋሉ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ተኩስ የሚመጣው እንስሳው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ወይም ፊት ለፊት ሲመጣ በመሆኑ ጠልቆ የሚገባ አረር ያስፈልጋል። ድፍን አረር ግን አንዱን ጎሽ በስቶ ከኋላው የቆመውን ሊያቆስል ስለሚችል መንጋ ውስጥ አይተኮስም።

ጥይት ሲገዛ ለመለማመጃውም ለአደኑም የሚበቃውን ከአንድ ዓይነትና በሳጥኑ ላይ ካለው ከአንድ የምርት ቁጥር መውሰድ ይመረጣል። በአንድ ዓይነት ጥይት የተስተካከለ ጠመንጃ ሌላ ዓይነት ሲጎርስ በ100 ሜትር ላይ እንኳ ብዙ ሳንቲ ሜትር ሊስት ይችላል።

ጠመንጃው

ለዚህ ሥራ በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ጠመንጃ ይመረጣል፤ ቀላል፣ ጠንካራና በአቧራ መንገድ የሚታመን ነው። በአያቶቻችን እጅ የነበረው ቤልጅግ የተሠራበት የማውዘር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1898 የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዛሬም ብዙ የጎሽ ጠመንጃዎች የሚከተሉት እሱን ነው። ምክንያቱ ደግሞ ቀለሁን አንቆ የሚይዘው ሰፊ ጥፍር ጥይቱን ከካዝናው ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ስለማይለቀው፣ በድንጋጤ ግማሽ መንገድ ተቀባብሎ ቢመለስ እንኳ መነከስ ብዙም አለመኖሩ ነው። የጥንቱን ቤልጅግ ራሱን ለአደን ማዋል ግን አልመክርም፤ የበርሜሉ ውስጥ በአሮጌ ጥይት ጨው የተበላ መሆኑ የተለመደ ነው።

ጠመንጃ በልክ ይመረጣል። በአደኑ ወቅት የሚለበሰውን ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ ዓይን ጨፍኖ ጠመንጃውን ወደ ትከሻ ማምጣትና ከዚያ ዓይንን መግለጥ ያሻል፤ አንገት ሳይሰበርና አገጭ ሳይነሣ መነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ከታየ ሰደፉ ልክ ነው፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ከታየ ረዝሟል ወይም አጥሯል። ክብደቱ ከነመነጽሩ ለ.30-06 አራት ኪሎ ግራም አካባቢ ቢሆን ተራራ ለሚወጣ ሰው አይከብድም፤ ለ.375 ከዚያ ትንሽ መብለጡ ምቱን ያለዝባል። ምላጩ ሳይጎተት፣ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ጥርት ብሎ የሚሰበር መሆን አለበት። ሰደፉ ከእንጨት ከሆነ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና በርሜሉን ይገፋል፤ ስለዚህ በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ወረቀት እስከ ጥይት ጓዳው (ጥይቱ እስከሚጎርስበት የበርሜሉ የኋላ ጫፍ) ድረስ ያለ ችግር ማለፉን መፈተሽ ይገባል።

አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ፤ ከዚያ ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት፣ ከምላጩ ኋላ ባለው ቦታ ቀጭን ስንጥቅ አለመኖሩን በብርሃን ይመልከት። ቀጥሎ የአፈሙዙን ከንፈር ጥጥ ዙሪያውን በማስነካት ይፈትሽ፤ ጥጡ ከተያዘ ከንፈሩ ተፈንክቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ደግሞ የቱንም ያህል ቢስተካከል ጥይቱን አንድ ቦታ አያሳርፍም። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጥምዝ መስመሮች ጠርዛቸው ስለታም ሆኖ መታየት አለበት። የቀረውን፣ በተለይም የጥይት ጓዳውን ልክ፣ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ይለካው።

መነጽሩ

ከጠመንጃው ዋጋ ቆርጦ ለመነጽር መጨመር ያስመሰግናል። በደጋ ደን ውስጥ እንስሳው የሚወጣው ብርሃን በሳሳ ሰዓት ስለሆነ የብርሃን ጉዳይ ከማቅረብ ኃይል ይበልጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በማቅረቢያው ቁጥር ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ስፋት ይገኛል። 8×42 የሆነ፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያቀርብና የፊተኛው መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የእጅ መነጽር 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 10×42 ደግሞ 4.2 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ጎህ ሲቀድ የሰው ብሌን ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሊከፈት ስለሚችል የመጀመሪያው ለደን፣ ሁለተኛው ለገላጣ ሸለቆ ይመቻል። አዳኙ የቀኑን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው በዚህ መነጽር እያየ ነውና በእጅ መነጽር ላይ መቆጠብ አይገባም። ጠመንጃ ላይ ለሚገጠመው 3-9×40 ለአጋዘንና ለሳላ ይበቃል፤ ለጎሽ ከ1 እስከ 4 ወይም እስከ 5 የሚያቀርብ ዝቅተኛ መነጽር ሆኖ ሁለቱንም ዓይን ገልጦ ማነጣጠር የሚያስችል ይሁን። የ.375 ምት ቅንድብን እንዳይፈነክት መነጽሩ ከዓይን ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሙሉ ምስል ማሳየት አለበት።

መነጽሩን የሚይዙት ቀለበቶችና መቀመጫቸው ብዙ አደን የሚበላሽባቸው ቦታዎች ናቸው። ብሎኖቹ ዘይታቸው ተጠርጎ፣ እኩል ከተጠበቁ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይና አጠገቡ ባለው ብረት ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ይሰመር። ከሱሉልታ ተነሥቶ በአሰላ በኩል ባሌ እስኪደረስ መኪናው ሲያንገጫግጭ ይውላል፤ ሠፈር ሲደረስ መስመሩ ከሁለት ተቆርጦ ከተገኘ ብሎኑ ዞሯልና ጠመንጃው ዳግም ሳይሞከር አይታደንበትም።

ማስተካከልና ልምምድ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ጠመንጃ ለመሞከር ኮረብታ መፈለግ ያለፈ ዘመን ልማድ ሊሆን ይገባል። የ.30-06 አረር ከፍ ብሎ ከተተኮሰ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ትናንት የግጦሽ ሜዳ የነበረው የሱሉልታና የለገጣፎ መሬት ዛሬ መኖሪያ ቤትና ፋብሪካ ሞልቶበታል። ሙከራው የሚደረገው በተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ፣ ከፍ ያለ የአፈር ግንብ ባለበት፣ የጆሮ መከላከያ አድርጎ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ በ25 ሜትር ወረቀቱ መመታቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት በዝግታ ተተኩሶ የሦስቱ መካከል ይለካል። የአብዛኛው መነጽር ማስተካከያ ሲዞር የሚሰማው አንዱ ጠቅታ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያዛውር፣ ለምሳሌ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ አሥር ጠቅታ ወደ ላይ ይዞራል። በርሜሉ እስኪበርድ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በአደን ላይ የሚቆጠረው ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት ነውና ያ ጥይት የት እንደሚያርፍ በተለያየ ቀን መመዝገብ ይገባል። .30-06 በ180 ግሬን በ100 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ከተደረገ በ200 ሜትር ዓላማው ላይ ይሆናል፤ በ300 ሜትር ደግሞ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ሱሉልታ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ አረርም እዚህ ፍጥነቱን የሚያጣው ቀስ ብሎ ነው። እዚህ የተስተካከለ ጠመንጃ ወደ ኦሞ ቆላ ሲወርድ እስከ 200 ሜትር የሚያሰጋ ለውጥ አያሳይም፤ ከዚያ በላይ ግን ጥቂት ዝቅ ስለሚል በቦታው ዳግም መሞከር አለበት። በባሌ ዳገት የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። በ30 ዲግሪ ዘቅዝቆ የሚተኮስ የ300 ሜትር ርቀት ለአረሩ አወራረድ የሚቆጠረው እንደ 260 ሜትር ነው፤ ሽቅብም ቢሆን ቁልቁል ስሌቱ አንድ ሲሆን፣ ይህን ያላወቀ ሰው ከእንስሳው ጀርባ በላይ ይሰዳል።

ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ከተስተካከለ በኋላ ጠረጴዛው ይተው። ቁመታቸው እስከ አገጭ የሚደርስ ሦስት የቀርከሃ ዘንጎች ከላይ በኩል በከመነዳሪ ቁራጭ ሲታሰሩ በሰከንዶች የሚዘረጋ ድጋፍ ይሆናሉ፤ በእነሱ ላይ ቆሞ፣ ተንበርክኮና ተቀምጦ፣ ከ100 ሜትር አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ውስጥ ሁልጊዜ ማሳረፍ እስኪቻል መለማመድ ይገባል። የሚታለመውም ቦታ በልምምዱ ወቅት ይጠና፤ ጎኑን ሰጥቶ ለቆመ እንስሳ የፊት እግሩን መስመር ሽቅብ ተከትሎ፣ ከደረቱ ቁመት ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ። አዳኙ በልምምድ ያላረጋገጠውን ርቀት በአደን ላይ አይሞክር።

ልብስ፣ ጫማና ስንቅ

በባሌና በአርሲ ደጋ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመያዝ ተደራራቢ የሱፍ ሹራብ መያዝ ይሻላል፤ ለመኝታ ከሽሮ ሜዳ የሚገዛ ቡሉኮ ከብዙ ርካሽ የመኝታ ከረጢት ይሞቃል። ከላይ የሚለበሰው ልብስ ከቅርንጫፍ ጋር ሲተሻሽ የማይንኮሻኮሽ መሆኑ ከቀለሙ ይበልጣል። በኦሞ ግን ቀለሙም ይቆጠራል፤ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የገንዲ ዝንብን ይስባል። እዚያ ለሚወርድ ሰው የወባ መከላከያ ከሐኪም ጋር ተማክሮ አስቀድሞ መጀመር ግዴታ ነው። ጫማው ከጉዞው አስቀድሞ በእንጦጦ ዳገት ተለምዶ የተፈታ ይሁን፤ ከላዩ የሚታሰር ገምባሌ እሾህንና ጤዛን ይከላከላል።

የተቀረው አጭር ነው። በጨርቅ የተቋጠረ ጥቂት አመድ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ በማያሻማ መልኩ ያሳያል። ሁለት የተሳሉ ቢላዋዎችና ሞረድ፣ የራስ ባትሪ፣ ገመድ፣ ደም ማቆሚያ ማሰሪያና ፋሻ በጀርባ ቦርሳ ውስጥ ይገቡ። ቀኑን ሙሉ እሳት ሳያነዱ ለመዋል በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ በቂ ናቸው። ቆዳው የሚፈለግ ከሆነ በክብደቱ ልክ የሚሆን ደቃቅ ጨው ይያዝ፤ ሥጋውና ስቡ በሚገባ ተፍቆ በዚያው ዕለት ካልታሸ ፀጉሩ ይራገፋል።

በጉዞ ላይ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ ፈቃዱ ደግሞ ሳይፈለግ በሚወጣበት ኪስ ይሁን። ሠፈር እንደተደረሰ የብሎኖቹ መስመር ይታያል፤ አብሮ የሚወጣው ስካውት በሚያሳየው ቦታ በ100 ሜትር ሁለት ጥይት ይሞከራል። ከአደን መልስ በርሜሉ ከጥይት ጓዳው ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ይጸዳል፤ ከውርጭ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ብረት ላብ ስለሚያወጣ ሣጥኑ ተከፍቶ እስኪደርቅ ይቆይ፤ በስሱ ዘይት ከተቀባ በኋላም የተተኮሰውና የተረፈው ጥይት ተቆጥሮ ይመዝገብ።